ነገረ ፈጁና የጨረቃ ቤት

«የጨረቃ ቤት» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ባለቅኔ መሆን አለበት። ቀን ቀን የደንብ ሰው ዓይን ስለሚበዛ ማታ በጨረቃ ቋሚው ቆሞ፣ ተማግሮ፣ ቆርቆሮ ለብሶ የሚያድር ቤት ማለት ነው። ሲነጋ ትናንት ባዶ የነበረው መሬት ላይ ጎጆ ቆሟል። ከጓሮው ጭስ ይወጣል። ልጆች በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዶሮዋ ሳትቀር «እኛ እኮ እዚሁ ነው የተፈለፈልነው» የምትል ትመስላለች።

ሕግ ደግሞ የሚመጣው ቀን ነው፤ ያውም ዶዘር አስከትሎ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ነገር አለ። በእኛ ከተሞች ቤትና ሕግ ዓይን ለዓይን የሚተያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ካርታ ሲሰጥና ዶዘር ሲመጣ። በሁለቱ መካከል ሰው ይኖራል። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያስታምማል። ጣሪያው ያፈስበታል፣ ግድግዳው ይዘምበታል፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ደጁ ላይ ይፈስበታል። ያን ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ቢል የሚሰማው የለም። ሕጉ እንደሆነ ስለ መሬቱ እንጂ ስለ ሰውየው አልሰማም።

የማዘጋጃ ቤት ነገረ ፈጅ የሚባል ሰው አለ። ቃሉ የድሮ ነው። ዛሬ የሕግ ባለሙያ፣ የሕግ ክፍል ኃላፊ፣ አንዳንድ ቦታም ዓቃቤ ሕግ ይሉታል። እኔ ግን ነገረ ፈጅን እመርጣለሁ፤ ነገርን ፈጅቶ የሚጨርስ ማለት ስለሆነ። ከተማው ሲከስም ሲከሰስም ችሎት የሚቆመው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ የሚያውቀው እሱ ነው። ከንቲባው «ይህን ማድረግ እንችላለን ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውም እሱን ነው። ደንብ አስከባሪው ዱላውን፣ የዶዘሩ ሾፌር ቁልፉን ይዞ የሚጠብቀው የእሱን ወረቀት ነው። እኛ ግን ቤት ሲፈርስ ሾፌሩን እንራገማለን እንጂ ወረቀቱን የጻፈው ትዝ አይለንም። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለዚያ ወረቀት ነው።

ለምሳሌ ከሚሴን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን አልፋችሁ፣ ቦርከና በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ በኩል የምታገኟት ሞቃት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ያነሳኋት ከሌሎቹ ከተሞች ብሳ አይደለም። የአገራችን የቤት ጣጣ ሁሉ በአንድ ቦታ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እንዲህ ባሉት ከተሞች ስለሆነ ነው። የዞን መቀመጫ መሆን ሰው ይጠራል። መምህሩም፣ ነርሱም፣ የቢሮው ሠራተኛም ቤት ይፈልጋል። የመኪና መንገዱ ነጋዴውን፣ ሹፌሩንና ቁርስ ቤት ከፋቹን ይጠራል። ከባቲ ሰኞ ገበያና ከሰንበቴ እሁድ ገበያ ያተረፈውም ልጆቹን ከተማ ማስተማር ይፈልጋል። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ በተነሱት ግጭቶች ቤቱን ያጣ ሰውም አንድ ቦታ መጠጋት ነበረበት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓረብ አገር ብር አለ። ከዚያ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ያልሄደ ልጅ የሌለው ቤተሰብ መፈለግ ሊያደክም ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ጠርዛ ስትልክ ብዙዎቹ የተመለሱት በእጃቸው አንድ ፌስታል ይዘው ነበር። ያላቸው ሀብት አስቀድመው ልከውት ግድግዳ የሆነው ብቻ ነው።

እስቲ አንዷን እናስብ። ጅዳ የሰው ቤት ስትጠርግ ሰባት ዓመት የቆየች ልጅ ናት እንበል። ብሩን ለወንድሟ ትልካለች። ወንድም ደላላ ያናግራል። ደላላው የከተማው ዳርቻ ላይ ካለ ገበሬ ጋር ያገናኘዋል። ሦስት ምስክር ተጠርቶ፣ ውል ተጽፎ፣ ዱዓ ተደርጎ መሬቱ ይሸጣል። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ውሉ በሕግ ዓይን ባዶ ወረቀት ነው፤ በሰፈሩ ዓይን ግን ከካርታ አያንስም። ልጁ ብሎኬት ያስጭናል። ብሎኬት የጫነ አይሱዙ እንደ ሹክሹክታ በጆሮ አያልፍም፤ ሰፈሩን እያናወጠ ነው የሚገባው። የቀበሌው ሰው ያያል። የደንቡ ሰው ያያል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ይሄዳል። ውሃ ይገባል፣ ቆጣሪ ይገጠማል፣ ክፍያ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ ያለ አግባብ የተያዘን ቦታ ለማስለቀቅ የሰባት የሥራ ቀናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃል ብሎ ነበር። ማስጠንቀቂያውም ለሰውየው ሊሰጥ ወይም ንብረቱ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ልብ አድርጉልኝ፤ ሰባት ዓመት የተሠራበት ግድግዳ ሰባት ቀን! በዓመት አንድ ቀን ደርሶታል ማለት ነው።

«ታዲያ መሬት ይወረር ልትል ነው?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አይደለም። ከተማ ያለ ሥርዓት ከተማ አይሆንም። ቦርከና በክረምት ሲሞላ የሚሄድበትን መንገድ ዘግቶ ቤት የሠራ ሰው ራሱንም ጎረቤቱንም አደጋ ላይ ይጥላል። መንገድና ትምህርት ቤት ሊወጣበት የታሰበን ቦታ በአንድ ሌሊት አጥሮ የሚሸጥ ደላላ የድሀ ወዳጅ አይደለም። በሊዝ ጨረታ ከባለ ብሩ ጋር ተጋፍቶ፣ ከፍሎና ፈቃድ አውጥቶ የሠራ ሰውም «እኔ ምን በወጣኝ?» ቢል እውነቱን ነው። ነገረ ፈጁ ሕገወጥ ግንባታን ዝም ካለ ሥራውን አልሠራም።

የእኔ ትችት ሌላ ነው። ነገረ ፈጃችን የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ካርታ አለህ?» የሚል።

እስቲ በአንድ መንደር ሁለት ቤት እንይ። አንደኛው የዚያች የጅዳዋ ልጅ ቤት ነው። ካርታ የለውም። ግን ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ግቢው የተጠረገ፣ መጸዳጃው የተቆፈረ ነው። ሁለተኛው ካርታ አለው፤ ያውም ከነማኅተሙ። ግቢው ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ስድስት የቆርቆሮ ክፍሎች ተደርድረዋል። «ሰርቪስ» ይሏቸዋል፤ ለማን ሰርቪስ እንደሚሰጡ ግን እንጃ! በእያንዳንዷ ቤተሰብ አለ። ለሁሉም መጸዳጃው አንድ ነው። የመብራቱ ገመድ ከክፍል ክፍል እየተቀጣጠለ እንደ ልብስ መስጫ ይወዛወዛል። በከሚሴ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ያ ቆርቆሮ ምጣድ ነው። አከራዩ በወሩ መጨረሻ ብቅ ብሎ ኪራዩን ተቀብሎ ይሄዳል።

ነገረ ፈጁ በዚያ ሰፈር ቢያልፍ አንደኛው ቤት ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ሁለተኛው ቤት በር ላይ ቆሞ ደግሞ «ሐጂ፣ እንዴት ዋሉ?» ብሎ ያልፋል። ሕጉ የተከበረው የቱ ጋ ነው?

የሚገርመው ደግሞ ሕጉ ራሱ ይህን አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ መግቢያው ላይ ያስቀመጠው ዓላማ የሕዝብን ጤንነትና ደህንነት መጠበቅ ነበር። ከ10 ሺህ ሰው በላይ በሚኖርባቸው ከተሞች ሥራ ላይ እንዲውል ተደነገገ። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ፤ ከተራው መኖሪያ ጀምሮ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ እስካላቸውና ሕዝብ እስከሚሰበሰብባቸው ድረስ። ሥራውን የሚከታተለውንም «የሕንፃ ሹም» አለው። እንግዲህ ከጭቃ ሹም ወደ ሕንፃ ሹም ደረስን ማለት ነው። ሹሙ ፕላን እንዲያይ፣ ግንባታ እንዲያስቆም ሥልጣን ተሰጠው። ከዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ባደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። አከራይ ያከራየውን ቤት ለአገልግሎት በሚውል ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ እንዳለበትም ይታወቃል። ሕጉ አለ። የታጣው ሕጉን ይዞ የቆርቆሮውን ክፍል የሚያንኳኳ ሰው ነው።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ሪፖርት ነው። የመሥሪያ ቤቶቻችንን ሪፖርት ያዳመጠ ያውቀዋል። «በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ሕገወጥ ቤት ፈርሷል፤ ይህን ያህል ካሬ ሜትር መሬት ወደ ባንክ ገብቷል።» ጭብጨባ! «በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል የሚያፈስ ጣሪያ በአከራዩ ወጪ እንዲጠገን ተደርጓል» የሚል ሪፖርት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ነገረ ፈጁም ሰው ነው። ግምገማ ላይ የሚቆጠርለትን ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ከባድ ነው። ከአሮጌ ቤት አከራዮች ሁሉ ትልቁ አከራይ መንግሥት ራሱ ሆኖ መኖሩ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር እስከ መቶ ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ድሀው ተነፈሰ። ያ መልካም ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ብር ኪራይ ጣሪያ አይታደስም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ሲል ደግሞ ፈቃድ አምጣ ይባላል። እንዲህ እየተባለ ግድግዳው በምሰሶ፣ ምሰሶው በተስፋ ተደግፎ በየከተማው ስንት የቀበሌ ቤት አረጀ! ታዲያ የከተማው ነገረ ፈጅ ማንን ይክሰስ? ደሞዝ የሚከፍለውን? ዳኛው ፊት «ከሳሽ ማዘጋጃ ቤት፣ ተከሳሽ ማዘጋጃ ቤት» ብሎ ሊቆም ነው? ዳኛው ራሱ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተው ነበር።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ሲወጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ማለቱ ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው። ክልሎችም በየትኞቹ ከተሞቻቸው ሥራ ላይ እንደሚውል እንዲወስኑ ተተወላቸው። ግን የአዋጁ ዋና ጭንቀት ዋጋና ውል ነው። ለሁለት ዓመት የማልባረርበት ቤት ለሁለት ዓመት የሚያፈስ ከሆነስ? አዋጁን ይዞ ጣሪያውን ቀና ብሎ የሚያይ ነገረ ፈጅ እስካልመጣ ድረስ ውሉ የማፍሰሻ ውል ነው የሚሆነው።

የሌላውንም አገር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ተከራይ ካማራን ጉዳይ ወሰነ። ሰውየው የቤት ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቤቴ አይገባም ብሎ በሩን በመዝጋቱ ነበር የተከሰሰው። ፍርድ ቤቱ ለካማራ ፈረደ። ቁጥጥሩ ይቅር አላለም፤ ከማንኳኳትህ በፊት ዳኛ ጠይቅ አለ እንጂ። እዚያ ቤት ገብቶ ለማየት ዳኛ ይጠየቃል። እዚህ ቤቱን ለማፍረስ ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ይበቃል።

ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው የሚል ካለ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንውረድ። የጆሃንስበርግ ከተማ መሐል ከተማ ያሉ ሁለት ሕንፃዎች ለነዋሪዎቹ አደገኛ ናቸው ብሎ ከ400 በላይ ሰዎች እንዲወጡ ጠየቀ። ሕንፃዎቹ አደገኛ መሆናቸው ሐሰት አልነበረም። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ከልብ ተነጋገሩ፤ ከዚህ ብናስወጣቸው የት ይገባሉ የሚለውን መልሱ አለ። ፍርዱ የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 2008 ነው። ተነጋገሩም፤ ሕንፃዎቹ ለጊዜው ተጠጋግነው ነዋሪዎቹም ሌላ ማረፊያ እንዲያገኙ ተስማሙ።

የዚያው ከተማ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2023 ኡሲንዲሶ የሚባል ሕንፃ በሌሊት ተቃጥሎ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ባለቤቱ ማን ነበር? ከተማው ራሱ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽንም በ2024 ከተማውን ተጠያቂ አደረገ። ካርታ የተሟላለት፣ ባለቤቱም የሚታወቅ ሕንፃ ነበር። «ካርታ አለህ?» የሚለውን ጥያቄ በሚገባ ያልፍ ነበር። የጎደለው «ውስጡ ያለው ሰው በእሳት ጊዜ በየት ይወጣል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

እኛ ዘንድም የዋለው መዓት ከዚህ አይርቅም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። ሁሉም ሰው ያያቸው ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ጩኸቱ የመጣው ከሬሳው በኋላ ነው። የካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ አስተዳደሩ ግንባታው ሕገወጥ ነው፣ ለአረንጓዴ ቦታ የተያዘም አለበት አለ። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው ግብር ከፍለናል፣ ውሃና መብራትም ገብቶልናል እያሉ አለቀሱ። ሁለቱም የሚሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ያው መንግሥት በአንድ እጁ ደረሰኝ ቆርጦ በሌላው ዶዘር ያስነሳል። ቆጣሪው ሲገጠም ነገረ ፈጁ የት ነበር? መሬቱን ያስወረረው ሹምስ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ በልቶ የተዛወረው ሰው ፋይል ውስጥ ስሙ የለም። ቀይ ቀለሙ የተቀባው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው።

ለነገረ ፈጁ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ከሚሴ ያለ የሥራ ባልደረባህን አስብ። የዞኑ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ገበያው ውስጥ አማርኛም እኩል ይሰማል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በቁቤም ይጻፍ በፊደል፣ ማንበብ ያልተማረች እናት ዘንድ ሁለቱም ያው ናቸው። ቆመህ በምትሰማው ቋንቋ ካላነበብክላት ማስጠንቀቂያው ለግድግዳው እንጂ ለእሷ አልደረሰም። በወሎ ደም የሚያደርቁ አባጋሮች፣ ሰው ያስታረቁ ሽማግሌዎች አሉ። ጆሃንስበርግን በፍርድ ቤት የተማረችውን ከልብ መነጋገር እነዚህ ሰዎች ዛፍ ሥር ሲያደርጉት ኖረዋል። ዶዘሩ ከመነሳቱ በፊት እነሱን መጥራት የሕግ ዕውቀትህን አይቀንሰውም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ሕዝቡ መኖሪያ ቤት እንዲያገኝ ፖሊሲዎች ይነደፉ ይላል። አቅም እንደሌለን ይገባኛል። ግን ዳኛ መጠየቅ ሲሚንቶ አይፈልግም። አከራዩን «ሁለተኛ መጸዳጃ ቆፍር፣ ገመዱን አስተካክል፣ ያለበለዚያ ችሎት እንገናኝ» ማለትም በጀት አያስፈልገውም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ጣሪያውን በገዛ ገንዘቡ እንዲያድስ ፈቃዱን በዕለቱ መስጠት አንድ ማኅተም ብቻ ነው የሚጠይቀው። ወንዝ ዳር ያለው መነሳት ካለበት ይነሳ፤ ክረምት ሳይገባ፣ የሚገባበት ታይቶ፣ ፊት ለፊት ተነግሮት ይነሳ።

ነገረ ፈጁ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይሠራል አልልም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፋይል እንደሆነ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ለጀማሪ ግን አንድ ትንሽ ነገር ልጠይቀው። የቤት ፋይል ሲከፍት የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የባለይዞታ ስም የሚሞላበት ቅጽ አለ። ከዚያ በታች በእጁ አንድ መስመር ያስምርና ይህን ይጻፍ፤ «እዚህ ቤት ውስጥ ማታ ስንት ሰው ይተኛል?» መልሱን ለማግኘት ደግሞ ከቢሮው ወጥቶ ማንኳኳት ይኖርበታል።